ሯጩን ተማሪ አድርጎ ያቆየ ትምህርት ቤት

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ አባቶቻችን። ምሳሌው ብልኅነት አለው፤ ያለቦታው ሲጠቀስ ግን ሰው ይጎዳል። በደጋው አገራችን የአንድ ልጅ እግር ፈጣን መሆኑ የታወቀ እንደሆነ አባቱ «ሩጫውን ትተህ ደብተርህን ያዝ» ይለዋል፤ ሊያሠለጥነው የመጣው ሰው ደግሞ «ደብተሩን ትተህ ሩጫህን ያዝ» ይለዋል። ሁለቱም የሚጠቅሱለት ያንኑ ምሳሌ ነው። ልጁም በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ዓመቱ፥ ገና ራሱን በቅጡ ሳያውቅ፥ ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ይገደዳል።

እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንወደው ሩጫና ትምህርት ሁለት ዛፎች አለመሆናቸውን ነው። ትምህርት ቤቱ በእውነት ትምህርት ቤት ከሆነ ሁለቱም ከአንድ ግንድ የሚወጡ ቅርንጫፎች ናቸው። ይህን የምንለው በምኞት አይደለም፤ ምስክር አለን። ምስክራችንም ባሕር ማዶ ያለ ባለጸጋ አገር ሳይሆን ጎረቤታችን ኬንያ ናት። በዚያ አገር ኢተን በምትባል ትንሽ የደጋ ከተማ የቅዱስ ፓትሪክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚባል የሕዝብ ትምህርት ቤት አለ። ነገራችንን የምንጀምረው ከዚያ ነው። አንባቢ እንዳይሳሳት፥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢተን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፥ በታላቁ ስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከአፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ለተመለከተ የኬሪዮ ሸለቆ ወለል ብሎ ይታየዋል። መንገዷ ቀይ አፈር ነው፤ በዙሪያዋ ያለው ሕዝብ በእርሻና በከብት እርባታ የሚተዳደር ነው። ትምህርት ቤቱን በ1961 የመሠረቱት ከአየርላንድ የመጡ የካቶሊክ ማኅበር ወንድሞች ሲሆኑ፥ እስከ ዛሬም የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነው። እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ስለ ብዙ የአፍሪካ ትምህርት ቤቶች ሊነገር የሚችል ነው። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተው ስማቸው በዓለም የተጠራውን ሰዎች ስንቆጥር ግን አንባቢ የአንድ አገር ብሔራዊ ቡድን የምንዘረዝር ሊመስለው ይችላል።

ማይክ ቦይት በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ በ800 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። ኢብራሂም ሁሴን በ1987 የኒው ዮርክን ማራቶን፥ በ1988 ደግሞ የቦስተንን ማራቶን አሸነፈ፤ በሁለቱም ከተሞች ከአፍሪካውያን ወንዶች የመጀመሪያው አሸናፊ እሱ ነው። በ1991 እና በ1992 ወደ ቦስተን ተመልሶ ድሉን ደገመው። ፒተር ሮኖ በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ በ1,500 ሜትር ወርቅ አጠለቀ። ማቲው ቢሪር በ1992 በባርሴሎና የ3,000 ሜትር መሰናክልን አሸነፈ። ዊልሰን ኪፕኬተር ለዴንማርክ እየሮጠ በ1995፥ በ1997 እና በ1999 በ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ እንግሊዛዊው ሰባስትያን ኮ በ1981 አስመዝግቦት ለአሥራ ስድስት ዓመት ሳይደፈር የኖረውንም ክብረ ወሰን በ1997 ሰበረው። በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ እንዲህ ላሉት ተማሪዎች መታሰቢያ የተተከሉ ዛፎች አሉ፤ በየዛፉም ዘንድ የባለታሪኩ ስም ተጽፎ ይነበባል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ብዙ ሰው ሳያስብ የሚሰጠው መልስ «አየሩ ነው፤ ከፍታው ነው፤ ደማቸው ነው» የሚል ነው። ይህን መልስ አንቀበለውም። ከፍታ ሳንባን እንደሚያጠነክር አንክድም። ነገር ግን በስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ፥ ከኬንያ እስከ አርሲና ባሌ፥ ከጎጃም እስከ ሰሜን ሸዋ፥ በዚያው ከፍታ ላይ የተቀመጡ አያሌ ከተሞች አሉ። አየሩ ለሁሉም አንድ ነው። አየር ብቻውን ሻምፒዮን የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ከየኮረብታው ላይ አንድ አንድ በወጣ ነበር። በኢተን የተለየው ነገር አየሩ ሳይሆን ደወሉ ነው። የአዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪ ማለዳ ተነሥቶ ይሮጣል፤ ደወል ሲደወል ክፍል ይገባል፤ ትምህርት ሲያበቃ ወደ ሜዳ ይወርዳል፤ ማታ ደግሞ ለጥናት ይቀመጣል። ሩጫው ከትምህርቱ የተሰረቀ ሰዓት አልነበረውም፤ የራሱ ሰዓት ነበረው። በሰዓቱ የሚሮጥ ልጅ በሰዓቱ ማንበብ አይቸግረውም። ትምህርቱን ከሩጫ የሚያጣላው ሩጫው ሳይሆን ሥርዓት ማጣት ነው።

ሁለተኛው ነገር መምህር ነው። በ1976 ብራዘር ኮልም ኦኮኔል የሚባሉ አየርላንዳዊ ጂኦግራፊ ሊያስተምሩ ወደ ኢተን መጡ። የአትሌቲክስ አሠልጣኝነት ትምህርት አልነበራቸውም። በዚያን ጊዜ በትምህርት ቤቱ ሯጮቹን ያሠለጥን የነበረው ፒተር ፎስተር የተባለ እንግሊዛዊ መምህር ነበር፤ እሱ ወደ አገሩ ሲመለስ ሥራውን ለብራዘር ኮልም አስረከባቸው። ለአጭር ጊዜ የመጡት ሰው በዚያው ቀሩ፤ ከልጆቹ ጋር እየዋሉ፥ አረማመዳቸውን እየተመለከቱ፥ የሚበጀውንና የማይበጀውን እየለዩ ከተማሪዎቻቸው ተማሩ። እነሆ በዓለም ከሚታወቁት የመካከለኛ ርቀት አሠልጣኞች አንዱ ለመሆን በቁ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ ያለውን ልጅም አልዘነጉም። በዚያው በኢተን በሌላ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይማር የነበረውን ዴቪድ ሩዲሻን ከልጅነቱ ጀምሮ አሠለጠኑት፤ እሱም በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ 800 ሜትርን በ1 ደቂቃ ከ40.91 ሰከንድ ሮጦ ክብረ ወሰን አስመዘገበ፤ በ2016 በሪዮ ወርቁን ደገመው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ እንዲልልን እንለምናለን። ማይክ ቦይት ሜዳሊያውን ያገኘው በ1972 ነው፤ ብራዘር ኮልም ኢተን የደረሱት በ1976 ነው። እንግዲህ ወጉ ከሰውየው በፊት ነበረ ማለት ነው። ብራዘር ኮልም ወጉን አልፈጠሩትም፤ ተቀብለው አሳደጉት። ትልቁ ቁም ነገርም ይህ ነው። አንድ መምህር ሲሄድ ሌላው የሚረከበው ሥራ ሲኖር ትምህርት ቤቱ ወግ አለው ይባላል። መምህሩ ሲሄድ ሥራው አብሮት የሚሄድ ከሆነ ግን ያ ትምህርት ቤት ያገኘው ወግ ሳይሆን ዕድል ነው።

ሦስተኛው ነገር የውድድር መሰላል ነው። በኬንያ የትምህርት ዓመቱ በሦስት ወቅት የተከፈለ ሲሆን ለየወቅቱ የተመደበ የስፖርት ዓይነት አለ። ከትምህርት ቤቱ ያሸነፈ ወደ አካባቢው፥ ከአካባቢው ያሸነፈ ወደ ክፍለ ሀገሩ፥ ከዚያም ወደ አገር አቀፉ ውድድር ይወጣል፤ ከዚያም በላይ የምሥራቅ አፍሪካ ትምህርት ቤቶች የሚገናኙበት ውድድር አለ። ስለዚህ አንድ የገጠር ልጅ ፈጣን መሆኑን ለማስታወቅ ከቤቱ ጠፍቶ ወደ ዋና ከተማ መምጣት አያስፈልገውም። የተማሪ መለያውን እንደ ለበሰ፥ ከመምህሩ ጋር፥ መሰላሉን አንድ በአንድ ይወጣል። የሚያየውም ሰው ተማሪ መሆኑን ያውቃል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ግን የምስክር ወረቀት ነው። ከላይ ከጠቀስናቸው ሰዎች መካከል ማይክ ቦይት፥ ኢብራሂም ሁሴንና ፒተር ሮኖ ወደ አሜሪካ ሄደው በዩኒቨርሲቲ የተማሩት በእግራቸው ባገኙት ነጻ የትምህርት ዕድል ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሯጭን በደስታ ይቀበላሉ፤ ነገር ግን ሁለተኛ ደረጃን ያልጨረሰ ሯጭ አይቀበሉም። ልጆቹ የቅዱስ ፓትሪክን ትምህርት ፈጽመው ስለነበር እግራቸው የከፈተላቸውን በር ራሳቸው ሊገቡበት ቻሉ። ማይክ ቦይት የዶክተርነት ማዕርግ አግኝቶ በኬንያታ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1976 አገሩ ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ስለቀረች ምናልባት ሊያገኘው ይችል የነበረው ወርቅ አመለጠው፤ ትምህርቱ ግን አላመለጠውም። ሜዳሊያ በመንግሥታት ጠብ ምክንያት ሊቀር ይችላል፤ የተማሩትን ግን የሚወስድ የለም።

ይህን ነገር በቁጥር እንየው። በኦሊምፒክ በአንድ የሩጫ ዓይነት ከአንድ አገር የሚሰለፉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። አራተኛው ከሦስተኛው የሚለየው በግማሽ ሰከንድ ቢሆንም፥ ከሌላው አገር ሯጮች ሁሉ ቢፈጥንም፥ እቤቱ ይቀራል። እንግዲህ በደጋው አገራችን በየማለዳው የሚሮጡትን ልጆች አስቡ። በመላው አገሪቱ ከነሱ መካከል ለ10,000 ሜትር በአራት ዓመት አንድ ጊዜ የሚመረጡት ሦስት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ናቸው። ሦስቱ ሲሄዱ የቀሩት ምን ይሁኑ? አራተኛውስ? አራት መቶኛውስ? ስለ ስፖርት ስንነጋገር ስለ ሦስቱ ብቻ መነጋገር ልማዳችን ሆኗል። የአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት ወግ የሚመዘነው ግን በሦስቱ ሜዳሊያ ብቻ ሳይሆን በአራት መቶኛው ልጅ ዕጣም ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በሩጫ ከዓለም ፊት ቀድመን ከቆሙት ሕዝቦች አንዱ ነን። ነገር ግን ታላላቆቹን ሯጮቻችንን ያሳደጋቸው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ «ትምህርት ቤት» የሚል መልስ አናገኝም። ሻምበል አበበ ቢቂላና ሻምበል ማሞ ወልዴ ከክብር ዘበኛ ወጡ። ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር ከአየር ኃይል ወጡ። ደራርቱ ቱሉ በማረሚያ ቤቶች ክለብ ተይዛ አደገች። ለነዚህ ክፍሎች ምስጋና ይገባቸዋል፤ ትምህርት ቤት ሊሠራው ይገባ የነበረውን ሥራ ሠርተዋልና። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአሰላ አካባቢ በልጅነቱ ደብተሩን በክንዱ ይዞ አሥር ኪሎ ሜትር እየሮጠ ትምህርት ቤት ይደርስ እንደነበረ፥ ግራ ክንዱም በዚያ ምክንያት ለዘለቄታው እንደ ታጠፈ መላው ዓለም ሰምቷል። ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ በደስታ ይተርከዋል። ነገር ግን ጠጋ ብለን ብንመረምረው ትምህርት ቤቱ ለኃይሌ ሯጭነት ያበረከተው ስጦታ ርቀቱ ነው።

ይህ ማለት ግን የትምህርት ቤት መምህር በአገራችን ሯጭ አላወጣም ማለት አይደለም። በአርሲ፥ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘውን በቆጂን እንጥቀስ። አቶ ስንታየሁ እሸቱ ወደዚያች ከተማ የሄዱት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሰውነት ማጠንከሪያ መምህር ሆነው ነበር። ከዚያች አንዲት ከተማና ከአካባቢዋ በ1992 እና በ2000 በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘችው ደራርቱ ቱሉ፥ በ1996 በአትላንታ ማራቶን ያሸነፈችው ፋጡማ ሮባ፥ በ2004 እና በ2008 በድምሩ ሦስት የወርቅ ሜዳሊያ ያጠለቀው ቀነኒሳ በቀለ፥ በ2008 እና በ2012 እንዲሁ ሦስት ወርቅ ያመጣችው ጥሩነሽ ዲባባ ወጥተዋል። በወርቅ ቁጥርስ ቢሆን በቆጂ ኢተንን ልታስተምር የምትችል ከተማ ናት።

ልዩነቱ ወዲህ ነው። የኢተኑ ልጅ ከታየ በኋላ በትምህርት ቤቱ ይቆያል። የኛ ልጅ ግን ከታየ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ይወጣል። ክለብ ይመለምለዋል፤ ወደ ዞን ከተማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ስሙ ይሰረዛል። ከተሳካለት ቤት ሠርቶ፥ ወላጆቹን አክብሮ፥ የአገሩን ሰንደቅ ዓላማ ያውለበልባል፤ እኛም አደባባይ ወጥተን እንቀበለዋለን። ካልተሳካለትስ? ጉልበቱ ከተጎዳ፥ ወይም አራተኛ ሆኖ ከቀረ፥ ክለቡ በዓመቱ መጨረሻ ያሰናብተዋል። ስምንተኛ ክፍል ላይ የተዘጋ ደብተር ይዞ በሃያ ሁለት ዓመቱ ወደ አገሩ ይመለሳል። እሱን የሚቀበል ሰልፍ የለም። እኩዮቹ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰዋል፤ እሱ ካቆመበት እንዳይቀጥል ያፍራል። በየሰፈራችን፥ በየዘመዶቻችን መካከል ይህን ዓይነት ወጣት የማያውቅ ተማሪ ያለ አይመስለንም። ይህ የሩጫ ጥፋት ነውን? አይደለም። ይህ ሯጩን ተማሪ አድርገን ያላቆየን የሁላችን ጉዳይ ነው።

«አሁን ስለ ሩጫ የምናወራበት ጊዜ ነውን?» የሚሉን እንደሚኖሩ እናውቃለን። በ2022 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ መላው አገር ሰምቶ ደንግጧል። በዚያ ዓመት ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ የተሰጠ በመሆኑ እኛ ተማሪዎች ነገሩን ከማንም ይልቅ በቅርብ እናውቀዋለን። ስለዚህ ተቃዋሚያችን «ልጆቹ ማንበብና ማስላት አቅቷቸው ሳለ እናንተ ሜዳ ትላላችሁ» ሊለን ይችላል። መልሳችን አጭር ነው። ልጆቹ የወደቁት ሲጫወቱ ውለው ነውን? በብዙ ትምህርት ቤት ሜዳው ቀድሞ ጠብቧል፤ የሰውነት ማጠንከሪያው ክፍለ ጊዜ ቀድሞ ለሌላ ትምህርት ተሰጥቷል ወይም በባዶ አልፏል። ሜዳው ተወስዶ ዕውቀቱ አልመጣም። ደወል የማይከበርበት፥ መምህር የማይቆይበት፥ ተማሪው ጧት ተሰልፎ ማታ የሚበተንበት ትምህርት ቤት ሯጭም ምሁርም አያወጣም። ለሩጫ የሚያስፈልገው ሥርዓት ለሒሳብም የሚያስፈልገው ነው፤ አንዱን ያጣ ትምህርት ቤት ሁለቱንም ያጣል።

ሌላው ተቃውሞ «ድኾች ነን፤ ገንዘብ የለንም» የሚል ነው። ይህም አያስኬድም። ለሩጫ ውሃ ዋና ገንዳ አይቆፈርም፤ ፈረስ አይገዛም። የኢተን ልጆች ያሸነፉት በአፈር መንገድና በሣር ሜዳ ላይ ሮጠው ነው። የጠየቀው ወጪ የአንድ መምህር ደመወዝና የአንድ ሰዓት ክፍለ ጊዜ ነው። ይህን ያህል የሚያቅተው መንግሥትም ሆነ ሕዝብ ያለ አይመስለንም። የሚያቅተን ገንዘቡ ሳይሆን ሥራውን እንደ ሥራ መቁጠሩ ነው።

ይሁን እንጂ ኢተንን ስናመሰግን ዐይናችንን ጨፍነን አይደለም። የቅዱስ ፓትሪክ ደጃፍ ለወንዶች ብቻ የተከፈተ ነበር፤ ነውም። ብራዘር ኮልም ከ1989 ጀምሮ በትምህርት ዕረፍት ጊዜ ልጃገረዶችንም ጨምረው ማሠልጠን ጀመሩ እንጂ፥ ወጉ በመጀመሪያ የወንዶች ወግ ነበር። ከኬንያ ሴቶች የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ የተገኘው በ2008 ነው፤ የኛ ደራርቱ ወርቋን ካገኘች ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ለዚህ መዘግየት ብዙ ምክንያት ሊሰጥ ይችላል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ሴት ልጅን ከደጅ ያስቀረ በር መሆኑን አንጠራጠርም።

ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭም ኢተን የሩጫ ገበያ ሆናለች። ከዓለም ዙሪያ ሯጮች፥ ወኪሎችና ነጋዴዎች ይመጡባታል። በገበያው መካከል ደግሞ ክፉ ነገር አለ። ብዙ የኬንያ ሯጮች በተከለከለ መድኃኒት ምክንያት ታግደዋል። በሴፕቴምበር 2021 በሴቶች ብቻ ውድድር የ10 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ ክብረ ወሰን የሰበረችው አግነስ ቲሮፕ በተከታዩ ወር በዚያው በኢተን በቤቷ ውስጥ ተገድላ ተገኘች። ዕድሜዋ 25 ዓመት ነበር። ወጣቶቹ ሯጮች፥ ይልቁንም ሴቶቹ፥ ገንዘብ ሲያገኙ ማን እንደሚከባቸውና ማን እንደሚጠብቃቸው ያን ጊዜ ዓለም ጠየቀ። እኛም ይህን አይተን የምንደርስበት ፍርድ አንድ ነው። ልጁ ወይም ልጅቱ ከትምህርት ቤት ወጥተው ገበያ ውስጥ በገቡ ቁጥር ጠባቂያቸው ያነሰ ይሆናል። የሚያነብ፥ ውል የሚያስተውል፥ «አልፈርምም» ማለት የሚችል ሯጭ የሚወጣው ከክፍል ውስጥ ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀውን በግልጽ እንናገር።

አንደኛ፥ የትምህርት ቤት ሜዳ የትምህርት ቤት ይሁን። ካርታው በትምህርት ቤቱ ስም ይውጣ፤ ለሱቅ፥ ለመጋዘን፥ ለማንም ሕንፃ ተቆርሶ አይሰጥ። ሕንፃ በሁለት ፎቅ ሊሠራ ይችላል፤ ሜዳ ግን በፎቅ ላይ አይሠራም።

ሁለተኛ፥ የሰውነት ማጠንከሪያ ክፍለ ጊዜ የተማረበት መምህር ይሰጠው፤ መምህሩም በአንድ ቦታ ለመቆየት የሚያበቃ ኑሮ ይኑረው። በየዓመቱ የሚለዋወጥ መምህር ወግ አይተክልም።

ሦስተኛ፥ ከትምህርት ቤት እስከ አገር አቀፍ የሚደርስ፥ ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ፥ በየዓመቱ የማይቋረጥ የተማሪዎች የውድድር መሰላል ይቁም። በጀት ሲገኝ የሚደረግ፥ በጀት ሲጠፋ የሚረሳ ውድድር መሰላል አይባልም።

አራተኛ፥ ማንኛውም ክለብ ዕድሜው ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች የሆነን ተማሪ ሲወስድ የትምህርቱንም ኀላፊነት ይውሰድ። ልጁ ባለበት ከተማ ይመዝገብ፤ ይማር፤ ውጤቱም እንደ ሰዓቱ ይጠየቅበት። ክለቡ ይህን ካልፈጸመ ልጁን አይውሰድ።

አምስተኛ፥ ይህ ሁሉ ለልጃገረዶች በእኩልነት ይሁን። ከወርቃችን ብዙ ያመጡልን እነሱም ናቸውና ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

እኛስ? ሌላውን ብቻ የሚጠይቅ ማኅበር ግማሽ ማኅበር ነው። ከ1964 ጀምሮ የዚያን ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ደንብ አንድ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየወረዱ ያስተምሩ ነበር። ያ ደንብ ዛሬ የለም፤ ሐሳቡ ግን ሊታደስ ይችላል። ከመካከላችን ብዙዎች ነገ መምህራን እንሆናለን፤ ብዙዎቻችንም ክረምቱን የምናሳልፈው በተወለድንበት አገር ነው። በየአውራጃችን ማለዳ የሚሮጡ ልጆች አሉ። በክረምቱ ሁለት ወር ውስጥ፥ ከሩጫቸው በኋላ፥ ሒሳብና እንግሊዝኛ ልናስጠናቸው እንችላለን። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ጠመኔ፥ ሰሌዳና የሚቀመጡበት ጥላ ነው። ማኅበራችን በሚመጣው ስብሰባ ይህን ሐሳብ በአጀንዳ አስይዞ ስም እንዲመዘግብ እንጠይቃለን።

አንድ ቃል ጨምረን እንፈጽማለን። «ሯጭ ነው፤ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» የሚለውን አነጋገር ከእንግዲህ ዝም ብለን መስማት አይገባንም። እንዲህ የሚል ሰው ልጁን እንደ ፈረስ አይቶታል፤ ፈረስ ሲያነክስ ምን እንደሚደረግ ደግሞ እናውቃለን። የሮጠው ልጅ ሲያሸንፍ የኛ ነው ካልን፥ ሳያሸንፍም የኛ ነው። ስሙ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ ይቆይ።